ገላጭ ጽሑፍ ለማን ይገልጣል?

በሰበታ፣ በሱሉልታና በቡራዩ ዕቃዎች ላይ ስለሚለጠፉ ሌብሎች የቀረበ ሒስ

፩. መነሻ

በአገራችን «ሒስ» ሲባል ወዲያው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ቲያትር ወይም ሥዕል ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሕዝባችን በየዕለቱ በእጁ የሚይዘው የኅትመት ሥራ መጽሐፍ አይደለም፤ በጠርሙስ፣ በከረጢትና በጣሳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። በዓመት አንድ መጽሐፍ የማይገልጥ ሰው እንኳ በቀን ሁለት ሦስት ሌብል ሳያይ አይውልም። እንዲህ ያለ ሰፊ አንባቢ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ማን እንደ ጻፈው፣ ምን እንደሚል፣ ለማንስ እንደሚናገር የሚጠይቀው ሰው ሊያገኝ ይገባዋል። የዚህች አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ጥያቄ ማንሣት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ። በገበያ «ሌብል» ወይም «ስቲከር» የምንለውን ነገር የሕግ ቋንቋችን «ገላጭ ጽሑፍ» ይለዋል። ስሙ እጅግ ያማረ ነው፤ ምክንያቱም የነገሩን ሥራ በሁለት ቃል ይነግረናል። መጀመሪያ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ ሊነበብ ይገባዋል። ሁለተኛም ገላጭ ነው፤ ስለዚህ በውስጡ የተሸሸገውን ዕቃ ሳይከፈት ለገዢው ማስረዳት አለበት። እኔም ሌብሎቹን የምመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው፤ ከዚህ የከበደ ሚዛን አላመጣሁባቸውም።

ለምርመራው የመረጥሁት አገር በቀድሞው አጠራር የመናገሻ አውራጃ ይባል የነበረውና አዲስ አበባን የሚከብበው ነው። በተለይም ሰበታን፣ ሱሉልታንና ቡራዩን አይቻለሁ። እነዚህ ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ሲሆን፣ ፋብሪካና የእጅ ሥራ፣ አማርኛና ኦሮምኛ፣ የከተማ ገዢና የገጠር ገዢ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ናቸው። ስለዚህ ሌብል ለማን እንደሚናገር ለመመርመር ከእነርሱ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የኤውሮፓው ሲሆን «እ.ኤ.አ.» ብዬ ለይቻለሁ። ይህን ማሳሰቢያ አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

፪. ሰበታ፤ የስምና የሥዕል ኀይል

ሰበታ ሲነሣ ቢራው ይነሣል። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን ማምረት የጀመረው በ1967 ነው። በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዲያጄዮ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2022 ደግሞ ወደ ቢጂአይ ተላለፈ። ባለቤቱ ይህን ያህል ጊዜ ሲለዋወጥ ስሙ አልተለወጠም። ገዢዎቹ የከፈሉት ለጋኑና ለማሽኑ ብቻ አይደለም፤ በጠርሙሱ ላይ ለተጻፈችው «ሜታ» ለምትባለው አጭር ቃልም ጭምር ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ተረታችን ለሰው የተነገረ ቢሆንም ለጠርሙስም ሳይሠራ አይቀርም።

ስሙን ራሱን ብንመረምር ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። «አቦ» ሕዝቡ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን በፍቅር የሚጠራበት ስም ነው። በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባው ቢራ ፋብሪካም የቅዱስ ጊዮርጊስን ስም ይዞ እስከ ዛሬ ድረስ ቅዱሱን በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ በሌብሉ ላይ ያሳያል። ጠጪውም «አንድ ጊዮርጊስ» ብሎ ያዝዛል። ቅዱስን በመጠጥ ላይ መሣል ተገቢ ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ እተወዋለሁ። እዚህ የሚያስፈልገኝ የንድፉ ጥበብ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ከሩቅ አይቶ ሳይሳሳት ያውቀዋል፤ ሥዕሉ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው ነውና። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጣው ዋልያ ቢራም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ ስሙንም ሥዕሉንም ከስሜን ተራራ እንስሳ ወስዷል።

ይህ ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1876 የመጀመሪያው የንግድ ምልክት ሆኖ የተመዘገበው ባስ የተባለው ቢራ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነበር። ምልክቱ ከመታወቁ የተነሣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማኔ በ1882 ፎሊ ቤርዤር የተባለውን መጠጥ ቤት ሲሥል ጠርሙሱን ከነሦስት ማዕዘኑ አስገብቶታል። በእኛም አገር በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 ምልክትን እንደ ንብረት ይጠብቃል።

የጠርሙስ ሌብል ሠሪ የሚታገለው ከሥዕል ጋር ብቻ እንዳልሆነም መዘንጋት የለብንም። የቢራ ጠርሙስ ተመላሽ ነው፤ በፋብሪካው በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። ስለዚህ ወረቀቱ በበረዶ ባልዲ ውስጥ ቆይቶ እንዳይላጥ ጠንካራ፣ በማጠቢያው ውስጥ ሲገባ ግን ቶሎ እንዲለቅ ገር መሆን አለበት። ራሱ የሚጣበቀው ስቲከር፣ አሜሪካዊው ስታንተን ኤቨሪ እ.ኤ.አ. በ1935 የፈጠረው ዓይነት፣ ለዚህ ሥራ ብዙም አይመረጥም፤ በእርጥብ ሙጫ የሚለጠፈው ወረቀት እስከ አሁን ቦታውን አለቀቀም። እንግዲህ ትንሿ ወረቀት የኬሚስቱም፣ የአታሚውም፣ የሠዓሊውም ድካም ያለባት ናት።

በዚህ በኩል፣ ማለትም በስምና በሥዕል፣ የቢራ ሌብሎቻችን ምስጋና ይገባቸዋል። የሚጠሩን በምናውቀው ስም ነው፤ የሚያሳዩንም የምናውቀውን ሥዕል ነው። ነቀፌታዬ የሚጀምረው ጠርሙሱን አዙረን ጀርባውን ስናይ ነው። በፊት ለፊቱ በአገሩ ቋንቋ የጠራን ዕቃ በጀርባው አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉን ያጠብባል፤ ቋንቋውንም ይለውጣል። ከምን እንደ ተሠራ፣ እስከ መቼ እንደሚጠጣ፣ ለማን እንደማይገባ የሚነግረው ክፍል በእንግሊዝኛና በደቃቅ ፊደል ይሆናል።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ግን እንዲህ አያደርግም። ቅዱሱን ሥሎ ሲያበቃ ከራሱ በላይ ስሙን ይጽፋል፤ ከሥዕሉ ጥግም ብዙ ጊዜ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር ሐረግ አክሎ ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ይናገራል። በእርሱ ሥራ ሥዕሉና ገላጩ ጽሑፍ በአንድ ግድግዳ ላይ አብረው ይኖራሉ። የዘመኑ ሌብል ከዚህ ልማድ ፈረሱንና ጦሩን ወርሶ «ዘከመ»ን ትቶታል።

፫. ሱሉልታ፤ የቀኑ ነገር

ሱሉልታ የወተትና የውሃ አገር ነው። ከእንጦጦ ማዶ ያለው ሜዳ ለአዲስ አበባ ወተት ሲያቀርብ የኖረ ሲሆን፣ በቅርብ ዘመን ደግሞ ውሃ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ተተክለውበታል። ኔስሌ የተባለው የስዊስ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2016 አቢሲኒያ በተባለው የሱሉልታ ውሃ ላይ ከፍተኛውን ድርሻ ይዟል። ወተትና ውሃ ከቢራ የሚለዩት ሕፃንም ሽማግሌም የሚጠጣቸው በመሆናቸው ነው። ስለዚህ በእነርሱ ላይ የተጻፈው ቃል የበለጠ ይከብዳል።

እዚህ ላይ ከራሴ ቤት አንድ ነገር ልናገር። አያቴ የሱሉልታ ነዋሪ ናቸው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ እየሄዱ ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። ዛሬም መነጽራቸውን አድርገው የመብራት ቢል ያነብባሉ። ባለፈው ዓመት፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ ከሰፈራችን ሱቅ የላስቲክ ወተት ገዝተው ከረጢቱን ሲያዩ «05/06» የሚል ቀን አገኙበት፤ ዓመቱ አልተጻፈም። አያቴም ስድስተኛው ወር የካቲት ነውና «ይህ ወተት የካቲት አምስት አልፎበታል፤ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወተት ትሸጥልኛለህ ወይ?» ብለው ከባለሱቁ ጋር ተጣሉ። ባለሱቁ የፈረንጅ ቀን መሆኑን ቢነግራቸውም አላመኑትም። ወተቱ ግን ደኅና ነበር።

በዚያው ሳምንት ለልጅ ገንፎ የሚሆን የታሸገ ዱቄት ከጓዳ አውጥተው አዩ። በእርሱ ላይ ደግሞ «01/2025» ተጽፎበታል። አያቴ የቆጠሩት በ2017 ስለ ሆነ ገና ስምንት ዓመት እንደሚቀረው አድርገው አነበቡት። ዱቄቱ ግን ጊዜው ካለፈበት አራት ወር ሊሞላው ነበር። እንግዲህ ያው ሰው፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መነጽር፣ ደኅናውን ወተት ክፉ ነው ብለው መልሰው ጊዜው ያለፈበትን ዱቄት ደኅና ነው ብለው ሊያገነፉ ነበር። ጥፋቱ ካለማንበብ የመጣ አይደለም፤ አንብበዋል። ጥፋቱ የመጣው ሌብሉ የሚናገረው ለሌላ ሰው በመሆኑ ነው።

ነገሩን በሒሳብ ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። «05/06» የሚለው በአገራችን ሲነበብ የካቲት 5 ነው። በኤውሮፓውያን ልማድ ሲነበብ ጁን 5፣ ማለትም ግንቦት 28 ነው። ወሩን በሚያስቀድመው በአሜሪካውያን ልማድ ከተነበበ ደግሞ ሜይ 6፣ ማለትም ሚያዝያ 28 ይሆናል። አራት አኃዝ ሦስት የተለያየ ቀን ይሰጣል። ወተት በቀናት ውስጥ የሚበላሽ ዕቃ መሆኑን ስናስብ በእነዚህ መካከል ያለው የአንድ ወር ልዩነት እንኳ ቀላል አይደለም። ጋዜጦቻችንና መጻሕፍቶቻችን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው ለአንባቢያቸው የሚያደርጉትን ትንሽ ቸርነት በሌብል ላይ የምናገኘው በስንት አንዱ ነው።

ይህ የሆነበትን ምክንያት በንድፉ አሠራር ውስጥ ማግኘት ይቻላል። ቀኑ የሌብሉ ክፍል ሆኖ አይታተምም። ሌብሉ አስቀድሞ በብዙ ሺህ ይታተማል፤ ቀኑ ግን በመጨረሻ፣ ዕቃው ታሽጎ በማሽኑ ላይ ሲያልፍ፣ ቀለም በሚረጭ መሣሪያ በነጠብጣብ ይጻፋል። ሠዓሊው ስለ ተራራው፣ ስለ ምንጩና ስለ ውሃው ሰማያዊ ቀለም ብዙ ሲያስብ ቀኑን «ሌላ ሰው ይጽፈዋል» ብሎ ይተወዋል። ቀኑም ባዶ ቦታ ስላልተተወለት አንዳንድ ጊዜ በጥቁር ሥዕል ላይ፣ አንዳንድ ጊዜ በጠርሙሱ አንገት፣ አንዳንድ ጊዜም በክዳኑ ላይ ያርፋል፤ በሚያብለጨልጭ ላስቲክ ላይ ሲሆን ደግሞ በእጅ ሲታሽ ይጠፋል። ስለ ዕቃው ከተጻፈው ሁሉ ለጤና የሚበልጠው ቃል ማንም ሳይነድፈው እንዲሁ ተረጭቶ ይቀራል።

፬. ቡራዩ፤ የትንሿ ስቲከር ድካም

ፋብሪካውን ትተን ወደ ባልትና ሥራ እንምጣ። በቡራዩ መንገድ ዳር ካለ አንድ ሱቅ ግማሽ ኪሎ ይሆናል የተባለ በርበሬ ገዛሁ። ከረጢቱ ነጭ ላስቲክ ነው፤ በመካከሉ የመዳፍ ያህል ስቲከር ተለጥፎበታል። በስቲከሩ ላይ የሚታየው ቃሪያ አጭርና ጠምዛዛ፣ በእኛ አገር የማይበቅል ዓይነት ነው፤ ከኢንተርኔት የተወሰደ መሆኑ ያስታውቃል። ከበላዩ የድርጅቱ ስም በወርቅ ቀለም፣ ከሥሩ «100% ንፁህ» የሚል ቃል፣ ከጎኑ ደግሞ «ንጹሕ ባልትና» የሚል ሌላ ጽሑፍ አለ። አንዱ ቃል በአንድ ስቲከር ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል መልበሱ ነው። የስልክ ቁጥር አለ። ክብደት፣ የተዘጋጀበት ቀን፣ በውስጡ የገባው ቅመም ዝርዝር ግን የለም።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የዕቃው ስም፣ የተጣራ ክብደቱ ወይም መጠኑ፣ የተሠራበትና የአገልግሎት ጊዜው የሚያበቃበት ቀን በዕቃው ላይ እንዲገለጽ ደንግጓል። የዚያች የቡራዩ ባልቴት ስቲከር በዚህ ሕግ ፊት ቢቀርብ ይወድቃል። ነገር ግን እኔ ፈራጅ ሆኜ አልመጣሁም። በዚያች ስቲከር ላይ የሚታየው የሴትዮዋ ክፋት አይደለም፤ የዲዛይን ሠሪው አስተሳሰብ ነው። በኮምፒዩተር ቤት ሄዳ «የሚያምር ስቲከር ሥራልኝ» ስትል ወጣቱ የሚያስበው ስለ ወርቁ ቀለምና ስለ ቃሪያው ሥዕል ነው። የወረቀቱ ዋጋ በገጽ የሚቆጠር በመሆኑ በአንድ ገጽ ብዙ እንዲወጣ ስቲከሩ ይጠብባል፤ ሲጠብብም በመጀመሪያ የሚወጣው ጽሑፉ ነው፤ ሥዕሉ ግን አይነካም።

በዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ አለ። የላቲን ፊደል ሃያ ስድስት ነው፤ እጅግ ቢያንስም ብዙ ጊዜ ይለያል። የእኛ ፊደል ግን «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው በጎኑ ያለች አንዲት ትንሽ ቅጥያ ናት። ጽሑፉ ሲያንስና ርካሽ ቀለም ሲፈስስ ያቺ ቅጥያ ትጠፋለች፤ ካዕቡ ግዕዝ፣ ራብዑ ሌላ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለእንግሊዝኛው የተመረጠውን የፊደል ልክ ለአማርኛውም መስጠት እኩል ማድረግ ይመስላል እንጂ እኩል ማድረግ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንግዲህ «ፊደሉ በማሽን አይገኝም» የሚለው የድሮ ምክንያት ቀርቷል፤ የቀረው የልክና የቦታ ጥያቄ ነው።

የቋንቋውም ጉዳይ በእነዚህ ከተሞች ከሌላው ቦታ ይከብዳል። የ1971ዱ ዘመቻ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች ሲያስተምር ለሁሉም የተጠቀመው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ኦሮምኛም በዚያ ጊዜ በዚሁ ፊደል ተማሩበት። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ደግሞ ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ይጻፋል። ስለዚህ በአንድ ቡራዩ ቤት ውስጥ አያቱ ኦሮምኛን በፊደል፣ የልጅ ልጁ በቁቤ ሊያነብቡ ይችላሉ። ሌብሉ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን ለሁለቱም አይናገርም። የልጅ ልጁ ፊደሉን ቢያውቀውም ቃሉን አያውቀውም፤ አያቱ ደግሞ ፊደሉንም ቃሉንም አያውቁትም። በአንድ ሀገር ማንበብ ይማር ዘንድ ማታ ማታ የደከመ ሰው በገዛ ጓዳው ያለውን ዕቃ ማንበብ ካልቻለ፣ ትምህርቱ ከበር መልስ ሆኗል ማለት ነው።

፭. ለሚነሡ መቃወሚያዎች

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ባካፈልኋቸው ጊዜ ሦስት መቃወሚያ ገጥሞኛል፤ ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው «ቦታ የለም» የሚል ነው። ሌብል ትንሽ ነው፤ ሁለት ሦስት ቋንቋ ከገባበት ውበቱ ይጠፋል ይላሉ። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሲጋራ ፓኮ ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሆነው ቦታ ለጤና ማስጠንቀቂያ እንዲውል አዝዟል። ከሲጋራ ፓኮ የጠበበ ዕቃ ብዙ የለም፤ ሕግ ሲያስገድድ ግን ቦታው ተገኘ። ስለዚህ ጥያቄው የቦታ ማነስ አይደለም፤ ቦታውን ለማን እንስጠው የሚል ነው።

ሁለተኛው «ገዢው ራሱ እንግሊዝኛ ያለበትን ያምናል» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ ለእኛም ነቀፌታ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈበትን ዕቃ ተመርምሮ እንደ ወጣ፣ በአማርኛ የተጻፈበትን ግን ከጓዳ እንደ መጣ አድርገን እንገምታለን። ይሁን እንጂ ይህ እምነት በሌብሎቹ ራሳቸው የተማርነው ነው። መልካሙ ዕቃ ሁሉ በእንግሊዝኛ ከተጻፈና ርካሹ ሁሉ በአማርኛ ከተጻፈ ገዢው ሌላ ምን ይማር? ልማዱን ያመጣው አካል ልማዱን ምክንያት አድርጎ ማቅረብ አይገባውም። ደግሞም በሁለትና በሦስት ቋንቋ በጉልሕ ጽፈው የሚሸጡ የዱቄትና የዘይት ፋብሪካዎች ስላሉ ገበያው እንዲህ ያለውን ሌብል እንደማይሸሽ እናያለን።

ሦስተኛው የማሽኑ ነገር ነው። ቀን የሚረጨው መሣሪያ የሚቆጥረው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛ ወርም አያውቅም። ይህን አልክድም። ነገር ግን ማሽኑ ባይለወጥ እንኳ ሌብሉ ይለወጣል። ከቀኑ አጠገብ «እ.ኤ.አ.፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት» የሚል አስቀድሞ የታተመ ቃል ቢኖር ግማሹ ስሕተት ይወገዳል። ለባልትና ሠሪዋ ደግሞ ማሽን አያስፈልጋትም፤ በስቲከሩ ላይ «የተዘጋጀበት ቀን» የሚል መስመር ከተተወላት በእስክሪፕቶ «ኅዳር 12 ቀን 2018» ብላ ትጽፈዋለች። የወሩ ስም በቃል ሲጻፍ ከማንኛውም አኃዝ ይልቅ አያሳስትም። ምንም ወጪ የለበትም።

፮. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን ስናጠቃልለው፣ የመናገሻ ከተሞች ሌብሎች ሁለት ፊት እንዳላቸው እናያለን። በፊት ለፊታቸው ይጠሩናል፤ በዚህም ስማችንን፣ ቅዱሳኖቻችንን፣ ተራሮቻችንንና እንስሶቻችንን በሚገባ ያውቃሉ። በጀርባቸው ግን ይሸሹናል፤ ቋንቋውን፣ ፊደሉንና አቆጣጠሩን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። አንድ ሌብል ገዢውን ለመጥራት የሚያውቀውን ቋንቋ ለማስጠንቀቅ ጊዜ ከረሳው ገላጭ ጽሑፍ ልንለው አይገባንም፤ ማስታወቂያ ብንለው ይሻላል።

ስለዚህ ለመምህራንና ለተማሪ ጓደኞቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የንድፍ ትምህርት በሚሰጥባቸው ቦታዎች፣ በተለይም አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ የሌብል ንድፍ ሲሠራ ተማሪው ቀኑንና ዝርዝሩን አስቀድሞ፣ ሥዕሉን አስከትሎ እንዲነድፍ ቢለማመድ መልካም ነው። ሁለተኛ፣ የሕግ ተማሪዎች ስለ ገላጭ ጽሑፍ የወጡትን ድንጋጌዎች በመደርደሪያ ላይ ካሉት ዕቃዎች ጋር እያስተያዩ ቢመረምሩ ብዙ ቁም ነገር ያገኛሉ። ሦስተኛ፣ የጠርሙስ ወረቀት በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ፣ ከረጢትም ተቃጥሎ የሚጠፋ ነገር ስለ ሆነ ያለፈውን ለማጥናት ስንፈልግ እጃችን ባዶ ይሆናል። በየቤታችን ያሉትን አሮጌ ሌብሎች ሰብስበን በቤተ መጻሕፍታችን አንድ መሳቢያ ብናስቀምጥ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ መነሻ ይሆነዋል።

እኔ በበኩሌ ለዚህ ጽሑፍ የሰበሰብኋቸውን ሌብሎች፣ አያቴን ከባለሱቁ ጋር ያጣላችውን የወተት ከረጢት ጭምር፣ ለዚያ መሳቢያ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ። አያቴም እስከዚያው ድረስ ወተት ሲገዙ ቀኑን ለባለሱቁ አሳይተው «በእኛ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።